በሠርግ ድስት የተጠገነችው ጀልባ

ሊያገባኝ የነበረው ሰው ወልድያ ውስጥ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ስሙን አልጽፍም። የልጅ ልጆቹ ጨዋ ናቸው ሲባል እሰማለሁ፤ በእሱ ምክንያት ለምን ይሸማቀቁ። ያየኝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መርሳ ገበያ ላይ፣ በኩራዝ ዋጋ ከአንዱ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለወንድሜ የላከው ቃል ይህ ነበር፤ «ልጅቷን ወድጃታለሁ። ብቻ እጇን ታጥባ ትምጣ።»

እጄ ጥቁር ነበር፤ አልክድም። አባታችን ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ሲሞት መዶሻው ለወንድሜ፣ መበየጃው ለእኔ ደረሰን። ወንድሜ መርሳ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ብየዳ ቤት ከፍቶ የጭነት መኪና ወገብ ይቀጥላል። እኔ ከጥጉ ተቀምጬ ከዘይት ጣሳ ኩራዝ እሠራለሁ፣ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ እደፍናለሁ፣ የተነቀለ የድስት እጀታ በሪቬት እመታለሁ። ሪቬት ለማያውቅ፣ ሁለት ብረት በስቶ ከገባ በኋላ ጫፉ እየተቀጠቀጠ ራስ የሚያወጣ አጭር ዘንግ ነው። አንዴ ራስ ካወጣ አይወጣም።

ጸሐፊው «ታጥባ» ሲል ሳሙና ማለቱ አልነበረም። በእኛ አገር ከእሳትና ከብረት ጋር የሚውል ሰው በሹክሹክታ ይወራበታል። ያ ሹክሹክታ ተከትሎኝ ቤቱ እንዳይገባ ነው የፈለገው። እሱን ካገባሁ መበየጃዬን ዳግመኛ አልነካም ማለት ነው። ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ከዚያ መበየጃ ሌላ በዓለም ላይ የምወደው ነገር አልነበረኝም። ይህንን ስናገር ሰው ያዝናል። አትዘኑ፣ መበየጃ አይዋሽም።

ወንድሜ ግን ደስታው ወሰን አልነበረውም። በዕድሜ አሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ «ጋሼ» እለዋለሁ። ደኅና ስንሆን «አንተ»፣ ስናደድበት «አንቱ» ነው። ጸሐፊ አማች እንደሚያገኝ ከሰማ ቀን ጀምሮ ኮት መልበስ አመጣ። በመርሳ ሙቀት፣ እሳት አጠገብ፣ የሱፍ ኮት!

«ጋሼ፣ በላብ አለቅህ እኮ» ስለው፣

«ልልመደው ብዬ ነው» ይላል።

ሽማግሌዎቹ በመጪው እሑድ ሊመጡ ተቀጠረ። እንግዲህ በዚያው ሳምንት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጀልባዋ መጣች።

ከወልድያ በኩል አንድ ፈረንጅ በጂፕ ወደ ሐይቅ ይሄድ ነበር፤ የሐይቁን ጥልቀት ሊለካ ነው ተባለ። ጀልባዋን በተሳቢ አስሮ ይጎትታታል። ሲሪንቃን እንዳለፉ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ተፈታ። ጀልባዋ ጂፑን ቀድማ፣ መንገዱን ጥላ፣ በእርሻው መካከል ሮጣ ወንዝ ገባች። ውሃ ሸቷት የሮጠች ትመስላለች። ወንዙ ግን በዚያ ወር ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረበትም።

ገበሬዎቹ በሁለት ጥማድ በሬ ጎትተው አወጧትና ወደ እኛ ደጅ አመጧት። መርሳ ሥራ ፈታች። ጀልባ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አላውቅም የሚል ሰው ግን ከዚያም ያነሰ ነበር።

«የከብት ማጠጫ ገንዳ ነው» አለ አንዱ።

«ገንዳማ መሪ አይኖረውም።»

«የፈረንጅ ከብት ይኖረው ይሆናል።»

ከፈረንጁ ጋር ያለው አስተርጓሚ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሾፌር ነበር። ሕዝቡን ሰብስቦ አስረዳ። «ይቺ እንደሌሎቹ ከኋላዋ የሚሽከረከር መቅዘፊያ የላትም። ሞተሩ ከሆዷ ሥር ውሃ ይጠጣል፣ በኋላዋ በኩል በኃይል ይተፋል፤ በዚያ ግፊት ትሄዳለች።»

ከጎናችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ዱበርቲ ናቸው፣ ለሰፈሩ ዱዓ የሚያደርጉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚፈራቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጀልባዋን ዞሯት። «እየጠጣ፣ እየተፋ የሚሄድማ እዚህም ሞልቷል» አሉ። «በጀልባ ምን አስመጣው?»

ፈረንጁ ለተሳቢው ዕቃ ፍለጋ ደሴ ሄዶ ቅዳሜ እንደሚመለስ ነገረን። «እስከዚያ መጠገን ይቻላል?» ብሎ በአስተርጓሚው ጠየቀ።

«ይቻላል» አለ ወንድሜ። ይህንን ሲል የጀልባዋን ሆድ ገና ጎንበስ ብሎ አላየም።

ከሄዱ በኋላ ጎንበስ አለ። ከአፍንጫዋ ወደ ኋላ፣ ስንዝር ተኩል የሚሆን የተቀደደ ቦታ አገኘ። «ይቺው ናት» አለ፤ ቀና ብሎም ኮቱን አራገፈ።

እኔ ሥሯ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። በጣቴ አንጓ ከዳር እስከ ዳር ቆረቆርኳት፤ የሸክላ ዕቃ ስንገዛ እንደምናደርገው። ደኅናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። የተቀደደው ቦታ ተናግሯል፤ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር። ሁለቱ ቆርቆሮ ከሆዷ መካከል የሚገጣጠምበት ረጅም ስፌት አለ፤ እዚያ ላይ ስቆረቁር ልክ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል።

«ጋሼ፣ ስፌቷ ላልቷል። ሪቬቶቹ ተነቃንቀዋል።»

«አንቺ የምታውቂው ድስት ነው።»

«ይቺም ድስት ናት። ረዘመች እንጂ።»

ጀልባዋ አሉሚኒየም ናት። ጋዙን ለኩሶ በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ሞከረ። ብረት ቢሆን ይቀላል፣ ጊዜ ይሰጣል። አሉሚኒየም ግን ቀለሙን ሳይለውጥ ቆይቶ ድንገት እንደ ቅቤ እግሩ ላይ ጠብ አለ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ከዚያ ቆሞ ጀልባዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በእሳት እንደማትጠገን ገባው። የቀረው ሪቬት ነው፤ ሪቬት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ለፈረንጁ «ይቻላል» ብሎ በአገር ፊት ተናግሯል።

እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ እንደማይመጣ አውቅ ነበር። ዱበርቲዋ በተቀመጡበት ነገሩን አነሣሁ።

«እጠግናታለሁ። ሐይቅ ላይ ወርዳ ካላፈሰሰች ግን እሑድ ሽማግሌዎቹን ትመልሳለህ።»

«አብደሻል? ሰውዬው ጸሐፊ ነው!»

«እንግዲያው ጀልባዋን እሱ ይጻፋት።»

ዱበርቲዋ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። ወደ ጀልባዋ አየ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ኮቱን አወለቀ፣ መልሶ ለበሰ። «ካፈሰሰችስ?» አለ።

«እሄዳለሁ። መበየጃዬን ጥዬልህ።»

«በቃ፣ እሺ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ዱበርቲዋ። «እኔ ብረሳ እንኳ አላህ አይረሳም።»

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ ይህንን ሌሎች ሲያወሩት ሃምሳ ዓመት ስለ ሰማሁ እኔም አንድ ጊዜ በደንብ ላውራው። ጀልባ የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ውሃ ላይ ማሳረፍ ነው። በመርሳ ዙሪያ ደግሞ በዚያ ወር ጀልባ ይቅርና ዳክዬ የሚሸከም ውሃ አልነበረም። ስለዚህ ያልኩት ይህ ነው፤ አዲስ እንስራ ሲገዛ ውሃ ሞልተን የት እንደሚያልበው ከውጭ እናያለን አይደል? ጀልባዋንም ከፍ አድርገን፣ ከውስጧ ውሃ አፍስሰን፣ ከሥሯ ጠብታውን እንይ። ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ውጭም ያስወጣል።

ሐሳቡ የእኔ ነው። አልሸሽም። ነገር ግን «ስንዝር ብቻ» ብያለሁ። በእጄ አሳይቻለሁ፤ ከወለሏ ስንዝር ከፍታ። ዱበርቲዋ ምስክር ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ነው ሰው እንደልቡ የሚያወራው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሁለት በርሜል ከፊትና ከኋላ አቆምን፤ በላያቸው የባሕር ዛፍ ግንድ አጋደምን፤ ጀልባዋን አሥር ሰው ተሸክሞ አስቀመጣት። የተቀደደውን ቦታ ለጊዜው በጨርቅና በጭቃ ወተፍኩት። ወንድሜ ለሁለት ጎረቤቶቻችን ውሃ እንዲያመጡልን ነገራቸው። ሁለቱ ለሌሎች ሁለት ተናገሩ። ረፋዱ ላይ ከምንጩ እስከ ደጃችን የሴት ሰልፍ ሆነ፤ እያንዳንዷ እንስራዋን አዝላ።

ስንዝሩ በስምንተኛዋ ሴት ሞላ። ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አየሁት። በእኛ አገር፣ የቤቱ ሃይማኖት ምንም ይሁን ምን፣ ሙሉ እንስራ ይዛ ደጅ የመጣችን ሴት «ተመለሺ» ማለት ያስነውራል። በረከቱን እምቢ ማለት ነው። ሴትየዋ ባትቀየም እናቷ ትቀየማለች።

«ጋሼ፣ በቃ በላቸው» አልኩ በጥርሴ።

«አንቺ በያቸው።»

«የቤቱ ባለቤት አንተ ነህ!»

«ኮት ለብሼ የሰው ሴት ልመልስ?»

ዘጠነኛዋ አፈሰሰች። አሥረኛዋ «የእኔስ ለምን ይቅር» አለች፤ ማንም ይቅር አላላትም ነበር። ከግራና ከተማ ለገበያ የመጣች አንዲት እንግዳ ሳትቀር ከጎረቤት እንስራ ተውሳ ከምንጩ ቀድታ መጣች፤ እንግዳ ደግሞ እንዴት ይመለሳል! እኔ ሥሯ ተኝቼ ጠብታ እቆጥራለሁ። በስፌቱ በኩል በእርግጥ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ልክ ነበርኩ። ግን ከላዬ ያለው ግንድ ሲንቋረር ሰማሁና ተንከባልዬ ወጣሁ።

ቀና ስል ጀልባዋ ጢም ብላለች። ውሃው ከጠርዟ እኩል ቆሞ ሰማይ ይታይበታል። ያማረ ነገር ነበር። ዱበርቲዋ «ማሻአላህ» አሉ።

ግንዱ ያን ጊዜ ተሰበረ።

ጀልባዋ በጎኗ በርሜሉ ላይ ወደቀች፤ መርሳ ላይ ጎርፍ መጣ። ከሰሉ ተንሳፈፈ። የዱበርቲዋ ዶሮዎች እየጮኹ ጣራ ላይ ወጡ። የወንድሜ አንድ እግር ጫማ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ ሌላው እግሩ ላይ ቀረ። ኮቱ ጠጥቶ እስከ ጉልበቱ ወረደ። እንስራ አዝለው ተራ ገና ያልደረሳቸው ሴቶች ደግሞ ቅር ብሏቸው ቆመዋል።

ውሃው ሲያልቅ የበርሜሉ ጠርዝ ውሃ ከምትጠጣበት ወንፊት አጠገብ ጡጫ የሚያስገባ አዲስ ቀዳዳ ከፍቶባት አገኘን።

«በደረቅ ምድር ሰጠመች» አለ አንዱ።

ወንድሜ አንድ ጫማ አድርጎ ወደ እኔ መጣ። «ስንዝር ብለሽ ነበር!»

«እርስዎስ ስንት ስንዝር አስገቡ?» አልኩት። አንቱ ላይ ደርሰናል።

ረቡዕን እያለቀስኩ አሳለፍኩት ብል ውሸት ነው፤ እያጉረመረምኩ ነው ያሳለፍኩት። ጀልባዋ ውስጥ ተጋድሜ ጭቃ ስጠርግ ከኋላዋ በታች በኩል አውራ ጣት የምታህል ነገር እጄ ላይ ገባች። ጠመዘዝኳት፤ ተነቀለች። ለካስ የውሃ ማውጫ ቀዳዳ ኖሯታል። ማክሰኞ ብናውቅ አንድ ጊዜ ጠምዝዘን ያ ሁሉ ውሃ በሥርዓት ይወጣ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ መናገሬ ነው።

ውሃ ዳግመኛ እንደማይሞከር ግልጽ ነበር። ያን ቀን ማታ ኩራዝ ላበራ ስል ጣቴ ላምባ ነካ። ኩራዝ ሠሪ ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ውሃ የማያሳልፍ መገጣጠሚያ ላምባ ያሳልፋል። ደኅና ነው ብለህ የሸጥከው ኩራዝ በማግስቱ አልቦት ይመለስልሃል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ጀልባዋን ሆዷን ወደ ላይ አድርጌ ሳይሆን በጎኗ አጋደምኳት፤ ከውጭ ግድግዳ በምንቀባበት ነጭ አፈር ሆዷን ቀባሁና አደረቅሁ። ከውስጥ ደግሞ በጨርቅ ላምባ በስፌቱ ላይ እያሻሸሁ ሄድኩ። ዱበርቲዋ ከውጭ ሆነው ነጩን ይመለከታሉ።

«ወላሂ፣ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ መጣች!»

«ምልክት ያድርጉባት።»

«ሌላ! እዚህም ሌላ! አንቺ፣ ይቺ ኩፍኝ ይዟታል።»

አሥራ አንድ ቦታ ምልክት አደረጉ። ከመላው እንስራ ይልቅ አንድ ጨርቅ ላምባ በለጠ።

የተቀደደውን መጀመሪያ ያዝኩ። የተሰነጠቀ ቅል ሲሰፋ ከስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ መሄጃ ያጣና ይቆማል። በሁለቱም ጫፍ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ በሳሁ። የላሉትን ሪቬቶች ነቅዬ ወፈር ወፈር ባሉ ለወጥኩ፤ ለድስት እጀታ ያስቀመጥኳቸው ነበሩ። ለትላልቆቹ ቀዳዳዎች ግን መጣፊያ የሚሆን ወፍራም አሉሚኒየም አልነበረም። ወንድሜ የጭነት መኪና ቆርቆሮ አቀረበ፤ ብረት ነው፣ ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም። ቀኑ ሐሙስ ነው።

ዱበርቲዋ ተነሥተው ሄዱ። ሲመለሱ የአሉሚኒየም ድስት እየገፉ፣ ትክክለኛው ቃል እያንከባለሉ ነው፣ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ለሠርግ የሚዋሰው ድስት። በግ በሙሉ የሚቀቀልበት። መቀመጫው ጣት የሚያህል ውፍረት ነበረው።

«እማማ፣ ይሄንንማ አልቆርጥም። ሰፈሩ በምን ይዳር?»

«ለአንቺ ሠርግ እንዳይሠራበት ነው የምሰጥሽ» አሉ። «ቁረጪ! ብቻ ያንን ወንድምሽን ውሃ አታስነኪው።»

ቆረጥኩት። ቀጥቅጬ አሳሳሁት፣ ለሆዷ ቅርጽ አጎበጥኩት። ከሥሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ፣ አየር ከሚነፋው የውስጥ ጎማ፣ የቀደድኩትን ለስላሳ ላስቲክ አነጠፍኩ፤ ሪቬቱ ሲጠብቅ ላስቲኩ ተጨፍልቆ ውሃውን ይዘጋል። ከዚያ ምቱ ነው። ምት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ ይመታል። እኔ ውስጥ ተኛሁ። ወንድሜ ውጭ ሆነ። በመካከላችን አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ዓርብን በሙሉ በቆርቆሮው አሳልፈን ተሰዳደብን።

«ቀስ!»

«ቀስ እያልኩ ነው!»

«ጥርሴ ወለቀ!»

«ጥርስሽን ለምን አስጠጋሽው?»

«ሦስቴ ምታ፣ አቁም። ሦስቴ ምታ፣ አቁም። ዘፈን አይደለም!»

«ካገባሽ በኋላ ለእሱም እንዲህ ነው የምትጮኺው?»

«አላገባም እኮ ነው የምልህ!»

ዱበርቲዋ ጥላ ሥር ሆነው «ቆርቆሮው ባይኖር ኖሮ ይገዳደሉ ነበር» ይላሉ።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ነጭ አፈሩን እንደገና ቀባሁ፤ ላምባውን እንደገና አሸሁ። አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ወጣች። ሪቬቱን ነቅለን በሌላ መታን። ከዚያ በኋላ ነጩ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ቅዳሜ ፈረንጁ መጣ። ወንድሜ ኮቱን አድርቆ ለብሷል። ፈረንጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ መጣፊያውን በጣቱ ዳበሰ፤ የድስቱን ክብ ጠርዝ አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ይሄን የሠራው ማን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ውላችን ስለ ማፍሰስ እንጂ ስለ ስም አልነበረም። እንደዚህ ያለ ነገር መዋጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ብዙ አለ።

ወደ ሐይቅ ሲሄዱ ወንድሜ ከፊት ተቀመጠ። እኔም እመጣለሁ አልኩ። ዱበርቲዋም ምርኩዛቸውን ጂፑ ውስጥ ወርውረው «እኔ ያላየሁት አይቆጠርም» ብለው ገቡ። ማን ያስወርዳቸዋል?

ሐይቁ ዳር ደርሰን ጀልባዋ ወደ ውሃው ስትገፋ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቆመች። ተንሳፈፈች። አስተርጓሚው ወደ ወንድሜ ዞሮ «ግቡ» አለው።

«ማን?»

«እርስዎ። የእሱ ደንብ ነው፤ የጠገነው ሰው አብሮት ካልገባ ጀልባውን አይነዳም።»

ወንድሜ ሐይቁን አየው። እስከዚያ ቀን ያየው ትልቁ ውሃ ማክሰኞ የፈሰሰው ነው። ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«እኔ እኮ ከባድ ነኝ።»

«አራት ሰው ትችላለች።»

«ኮቴ ይበላሻል።»

«ያውልቁት።»

«መጀመሪያ ባዶዋን ትሂድና...»

አስተርጓሚው ለፈረንጁ ተረጎመ። ፈረንጁ እጁን አጣምሮ ቆመ። ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ተሰብስበው ያያሉ። የወንድሜ ግንባር ላይ ላብ ተንቆረቆረ፤ ድንገትም እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እሷ ናት! ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት! እኔ መዶሻ ብቻ ነው የያዝኩት!»

«አልሰማሁህም ጋሼ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ የጠገንሻት!»

«እማማ አልሰሙም።»

«ሰምቻለሁ፤ ግን ይድገመው፣ ደስ ይላል» አሉ ዱበርቲዋ።

ሦስት ጊዜ አስባልኩት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ዋና እኔም አላውቅም። ይህንን በዚያ ሰዓት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውቅም አልፈለግሁም። ሁለት ባዶ እግሬን ሁለቱ መጣፊያዎች ላይ አሳረፍኩ። ሞተሩ ጮኸ። ጀልባዋ ከሆዷ ሥር ጎትታ ጠጣች፣ ከኋላዋ ተፋች፣ አፍንጫዋን አንሥታ ተፈተለከች። ፈረንጁ ሆነ ብሎ ድንገት አዞራት፤ እኔ በጠርዟ ተንጠለጠልኩ። ውሃው እንደ ድንጋይ ሆዷን ይመታል፤ እያንዳንዱን ምት በውስጥ እግሬ ሰማሁት። የድስቱ ብረት ቀዘቀዘኝ። ቅዝቃዜና እርጥበት ደግሞ ለፈራ ሰው አንድ ናቸው። ጎንበስ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ አየሁት፤ ደረቅ። ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረግሁ፤ ደረቅ። ያን ጊዜ ዙሪያዬን አየሁ። ሐይቁ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የዚያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ፈረንጁ ዞሮ ቢያየኝ ኖሮ አፌን ከፍቼ ስስቅ ያየኝ ነበር፤ ያንን ግን ማንም አላየም።

ስንመለስ ዱበርቲዋ ክንዳቸውን ጀልባዋ ውስጥ እስከ ብብታቸው አስገብተው ወለሏን ዳበሱ። መዳፋቸውን በወንድሜ ፊት ዘረጉ። «ደረቅ ናት። ከኮትህ ይልቅ ደረቅ ናት።»

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከወልድያ መጡ። ነጭ ለብሰው፣ ጠላ ቀርቦላቸው ተቀመጡ። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ቆሜ እሰማለሁ። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራ። ስለ መንገዱ አወራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባቶቼ፣ እኔ እናንተን ላታልል አልችልም። ልጅቷ ገደ ቢስ ናት። በዚህ ሳምንት የፈረንጅ ጀልባ አሰጥማለች።»

«የት?»

«እዚሁ ደጅ ላይ።»

አንዱ «ደጅ ላይ?» አለ።

«ደጅ ላይ። ውሃ በሌለበት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ጠላውንም አልጨረሱም። ጸሐፊው በኋላ «እኔ ነኝ የተውኳት» እያለ በወልድያ ሲያወራ ኖሯል፤ ነገሩ እንዲህ እንደ ነበር ሳያውቅ ሞተ። «ጀልባ ያሰጠመችው» የሚለው ስም ግን በእኔ ላይ ቀረ፤ ከመርሳ እስከ ሐራ ልጆች ሳይቀሩ ሲጠሩኝ ኖሬአለሁ።

ወንድሜ ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ቃሌን ጠብቄአለሁ። ተመልሰዋል።»

«እውነቱን ብትነግራቸው ምን ነበረበት? ሠራች፣ አላፈሰሰችም፣ ቃል ገብቼላታለሁ ብትል?»

ኮቱን አወለቀ፤ በግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ከዚያ በኋላ ሲለብሰው አላየሁትም። ደክሞታል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወንድም አየኝ።

«እውነቱን ብነግራቸው» አለ «እንዲህ ያለችውንማ ማን ይተዋል ብለው ይዘውሽ ነበር የሚሄዱት።»